ትራማዶልን በቪዲዮ ሕክምና መተው፦ ያለፍኩበት መንገድ

ይህን የምጽፈው ከቀዶ ሕክምና ወይም ከወገብ ሕመም በኋላ ትራማዶል ታዞላችሁ፣ ሕመሙ ካለፈ በኋላ መድኃኒቱን መተው ላቃታችሁ ነው። ባል፣ ሚስት፣ ወንድም ወይም እናት ሆናችሁ የቤታችሁን ሰው ምን እንደነካው ግራ ለገባችሁም ነው። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው፤ ሜክሲኮ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ዛሬ ትራማዶል አልወስድም። ለዚህ የበቃሁት በአብዛኛው በስልኬ በኩል ከማያት ሐኪም ጋር እየተነጋገርኩ ነው። መንገዱ ይቻላል። በስልክ ስለሆነ ብቻ ግን የቀለለ እንዳይመስላችሁ፤ እኔ እያለፍኩ የተማርኩትን እናንተ አስቀድማችሁ ብታውቁት እወዳለሁ።

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነው። የመሥሪያ ቤታችን ደረጃ በዝናብ ርሶ አዳለጠኝና ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ብረት ገባልኝ፤ ከሆስፒታል ስወጣ ባለ 50 ሚሊግራም የትራማዶል ካፕሱል ታዘዘልኝ። በዚያ ጊዜ ትክክለኛ መድኃኒት ነበር፤ ያለ እሱ ሌሊቱ አይነጋልኝም ነበር። ይህን የምለው ከቀዶ ሕክምና የወጣ ሰው የእኔን ታሪክ አንብቦ የታዘዘለትን ማስታገሻ በመፍራት እንዳይሰቃይ ነው። ችግሩ የመጣው ጀሶው ከተፈታ በኋላ ነው። እግሬ ዳነ፤ ካፕሱሉ ግን አብሮኝ ቀረ። ስውጠው ሰውነቴ ይሞቃል፣ ልቤ ይረጋል፣ የወር መጨረሻ የሒሳብ መዝጊያ ጭንቀት ይቀልልኛል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው መጠን ምንም አልሰማኝ አለ። ጨመርኩ፤ ቆይቼ እንደገና ጨመርኩ። ለአዋቂ ሰው በቀን መታለፍ የሌለበት መጠን 400 ሚሊግራም መሆኑን የሰማሁት ካለፍኩት ብዙ ቆይቶ ነው።

ትራማዶል ከሞርፊን ጋር በአንድ የሚመደብ፣ ኦፒዮይድ የሚባል መድኃኒት መሆኑንም የነገረኝ አልነበረም። ለእኔ የሕመም ማስታገሻ ነበር፤ ጎረቤትም ከጎረቤት የሚዋዋሰው። በኋላ ሐኪሜ እንዳስረዳችኝ ሥራው ሁለት ዓይነት ነው። በአንድ በኩል እንደ ሞርፊን የሕመም ስሜትን ያፍናል፤ በሌላ በኩል እንደ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ይነካል። ስለዚህ በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣው ጣጣም ድርብ ነው።

ይህን በገላዬ ያወቅሁት የለመድኩት ፋርማሲ ያለ ማዘዣ አልሰጥም ያለኝ ቀን ነው። ባለሙያው ልክ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ተቆጥቼ ወጣሁ። በማግሥቱ ማዛጋት ያዘኝ። አፍንጫዬና ዓይኔ ይፈሳሉ፣ ገላዬን ይነዝረኛል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ እግሮቼ አንድ ቦታ አላርፍ አሉ። እናቴ ግንባሬን ዳስሳ «ምች ነው የመታሽ» አለችና ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ። ሌሊቱን ደግሞ ጭንቅላቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ የነካኝ ያህል ብልጭ እያለ ያስደነግጠኝ ጀመር፤ ምክንያቱን የማላውቀው ፍርሃት ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ጎህ ሲቀድ በአሮጌ ቦርሳ ኪስ ውስጥ የተረሳ ካፕሱል አገኘሁና ዋጥኩት። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ምቹም፣ ፍርሃቱም፣ የእግሬ መቁነጥነጥም ጠፋ። እናቴ ዳማከሴው ሠራ ብላ ደስ አላት። እኔ ግን ሐራራ መሆኑ ገባኝ። በቤታችሁ ሰው ላይ እየተመላለሰ የሚመጣ፣ ክኒን ሲወሰድ በአንዴ ድራሹ የሚጠፋ ጉንፋን ካያችሁ ይህን አስቡ።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ውስጥ ነርስ ነው። በዚያው ሳምንት በቪዲዮ ስናወራ ፊቴን አይቶ «እህቴ፣ ምን እየወሰድሽ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። በስልክ መታከም እንደሚቻል መጀመሪያ የሰማሁት ከእሱ ነው። እነሱ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሕግ ሐኪሙ እንዲህ ዓይነት ቁጥጥር ያለባቸውን መድኃኒቶች በኢንተርኔት ከማዘዙ በፊት በሽተኛውን በአካል እንዲያይ ያስገድድ ነበር። በመጋቢት 2020 ኮሮና ሲገባ ገደቡ ተነሳና ቡፕረኖርፊን የሚባለውን፣ ሱስን ለማከም የሚሰጠውን መድኃኒት በቪዲዮ፣ እንዲያውም በስልክ ድምፅ ብቻ ተነጋግሮ ማስጀመር ተፈቀደ። ሰዎች ሥራቸውን ሳይተው፣ ሆስፒታል በር ላይ ሳይታዩ ታከሙ።

ወዲያው «እባክህ እሱን መድኃኒት በሰው ላክልኝ» አልኩት። እምቢ አለኝ፤ እምቢታውን ዛሬም አመሰግናለሁ። ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት በሻንጣ ተደብቆ አይላክም፤ የሚያመጣው ሰውም ሊታሰር ይችላል። ከዚያ ይልቅ ያስፈራኝ ሌላው ምክንያቱ ነበር። ቡፕረኖርፊን ሌላ ኦፒዮይድ ሰውነት ውስጥ እያለ ከተወሰደ ያንን ከቦታው ገፍቶ ያስወጣውና ብዙም ሳይቆይ ከባድ ሐራራ ሊያስነሳ ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ሐራራው በግልጽ እስኪጀምር ጠብቀው የሚሰጡት። ከዘመድ ሻንጣ የወጣን ክኒን በግምት መዋጥ ሕክምና አይደለም።

ወደ አማኑኤል ሂጂ ያሉኝ ሰዎች አሉ። ትክክለኛ ምክር ነው፤ አማኑኤልም ቅዱስ ጳውሎስም ሱስን የሚያክሙ ባለሙያዎች አሏቸው፣ ብዙ ሰውም ድኖባቸዋል። ግን በዚህ ከተማ ያደገ ሰው «አማኑኤል» የሚለው ስም በሰው አፍ ላይ ምን እንደሚሸከም ያውቃል። የሥራ ባልደረባዬ በር ላይ ብታየኝስ? እናቴ በእድር ላይ ብትሰማስ? ይህ ፍርሃት ብቻውን ለወራት ቤቴ አስቀመጠኝ። ስለዚህ ለእኔ የስልክ ሕክምና ትልቁ ጥቅም ምቾቱ አልነበረም። እፍረቴን ሳልጨርስ መጀመር መቻሌ ነው። እፍረት እስኪለቅ የሚጠብቅ ሰው መድኃኒቱ ይቀድመዋል።

ሐኪም ስትፈልጉ ግን ተጠንቀቁ። ቴሌግራም ላይ «በሦስት ቀን ከሱስ ነፃ» እያሉ ዱቄትና ጠብታ በሞተር የሚልኩ ገጠሙኝ። አንዳቸውም ስሜን እንጂ የምወስደውን መጠን አልጠየቁም። እኔ ለመምረጥ የተጠቀምኩበት መለኪያ ይህ ነው፤ ሐኪሟ ፈቃድ ባለው የሕክምና ተቋም ውስጥ የምትሠራ መሆን አለባት፣ ተቋሙ በእግሬ ሄጄ የማገኘው አድራሻ ሊኖረው ይገባል፣ ሌሊት ችግር ቢገጥመኝ ወዴት እንደምሄድም አስቀድማ ልትነግረኝ ይገባል። ገና ከመጀመሩ ክፍያ ላኪ፣ መድኃኒት እንልክልሻለን የሚል ሰው ነጋዴ ነው።

ያገኘኋት የሥነ አእምሮ ሐኪም ካዛንቺስ አካባቢ በሚገኝ ክሊኒክ ትሠራለች። መጀመሪያ የተናገረችው ነገር እምነት አሳደረብኝ። «በቪዲዮ እንቀጥላለን፤ ግን አንድ ጊዜ በአካል ልይዎት» አለችኝ። ሄድኩ። ክብደቴን፣ የደም ግፊቴን ለካች፤ ትራማዶል በጉበት ተለውጦ በኩላሊት ስለሚወጣ ሁለቱንም ለማየት ደም አስመረመረች። የሚጥል በሽታ ኖሮኝ እንደሆነ፣ ጭንቅላቴን ተመትቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ትራማዶል በተለይ በብዛት ሲወሰድ ከዚህ በፊት ጥሎት የማያውቀውን ሰው እንኳ ሊጥል ይችላል። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው የተገናኘነው በስልክ ነው።

በመጀመሪያው የቪዲዮ ቀጠሮ ላይ ገና ሳልናገር እንዲህ አለችኝ፦ «ብዙ ሰው የሚወስደውን ቀንሶ ነው የሚነግረኝ። ቀንሰው ከነገሩኝ የምጀምርልዎት መጠን ያንስና በሁለተኛው ቀን ሐራራ ይይዝዎታል፤ እርስዎም ሕክምናው አልሠራም ብለው ይተዉታል። ባዶ ማሸጊያዎቹን ወደ ካሜራው ያስጠጉልኝ።» ተነስቼ ከአልጋዬ ሥር በፌስታል ያጠራቀምኳቸውን አመጣሁ። አንድ በአንድ እያነሳሁ አሳየኋት፤ እሷም አልደነገጠችም፣ አልገሠጸችኝም፣ ጻፈች። ሕክምናዬ የጀመረው ያን ጊዜ ነው እላለሁ። ስልኩ ከጎረቤት ዓይን ይጋርዳችኋል፤ ከሐኪማችሁም እንዳይጋርዳችሁ። በአካል ብትሄዱ የእጃችሁን መንቀጥቀጥ፣ የፊታችሁን ላብ ሳትፈልጉም ታይባችሁ ነበር። በስልክ ግን ሐኪሟ የምታየው እናንተ የምታሳዩዋትን ብቻ ነው። አልኮልም ቢሆን፣ ጫትም ቢሆን፣ ከሌላ ሰው የተበደራችሁት ክኒንም ቢሆን ንገሯት። እኔ ለእንቅልፍ ብላ ጎረቤቴ የሰጠችኝን አሚትሪፕቲሊን ሳነሳባት ወዲያው አስቆመችኝ። እሱም ሆነ ፍሉኦክሰቲን የሚባለው የድብርት መድኃኒት ከትራማዶል ጋር ሲገናኙ የመጣል አደጋውን ይጨምራሉ፤ ሴሮቶኒንም ከልክ በላይ እንዲሆን ያደርጋሉ። ማረጋጊያው ዳያዜፓምና አልኮል ደግሞ ከኦፒዮይድ ጋር ተደርበው ትንፋሽን ያዳክማሉ።

ስለ ቦታውና ስለ ስልኩ ጥቂት ልበል፤ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ብዙ ሰው የሚተወው በዚህ ነው። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ግድግዳው የሚያሳልፈውን ሁሉ እናቴ ትሰማለች። ስለዚህ የቪዲዮ ቀጠሮዬን ወንድሜ ከቤታችን በታች በሚያቆማት መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነበር የማደርገው። ድንገት ሰው ቢመጣ የምለውን ዓረፍተ ነገር ከሐኪሟ ጋር ተስማምተን ነበር፤ «ሒሳቡን ነገ እልካለሁ» ካልኩ ርዕስ ትለውጣለች። ብርሃን ፊት ለፊታችሁ ይሁን። የዓይናችሁን ብሌን ማየት ትፈልጋለች፤ በሐራራ ጊዜ ይሰፋል፣ መድኃኒቱ ሲበዛ ይጠብባል። እጃችሁን ዘርግታችሁ እንድታሳዩም ልትጠይቅ ትችላለች። መብራት የሚጠፋበትን ቀን አስባችሁ ስልኩን ከዋዜማው ሙሉት፣ ዳታም ቀድማችሁ ግዙ። ኔትወርኩ ከከዳችሁ በድምፅ ብቻ ቀጥሉ እንጂ ቀጠሮውን አታሳልፉ። የደም ግፊቴንና የልብ ምቴን ጠዋት በሰፈሬ ፋርማሲ እያስለካሁ በወረቀት ጽፌ አነብላት ነበር። ክፍያው በቴሌብር ነው፤ ለክኒን ሳወጣ ከነበረው አልበለጠም።

ማዘዣው ግን በስልክ አልመጣም። ፊርማና ማህተም ያለበት ወረቀት ስለሚያስፈልግ ወንድሜ በየሳምንቱ ከክሊኒኩ እየወሰደ ፋርማሲ ሄዶ ያወጣልኝ ነበር። የሳምንት ብቻ ነው፤ ከዚያ አይበልጥም። መድኃኒቱንም እሱ በሚቆለፍ ሣጥን ያስቀምጥና የዕለቱን ብቻ ይሰጠኛል። ለታናሽ ወንድሜ ሁሉን መናገር ከባድ ነበር። ሐኪሟ ግን አንድ ሰው ሳያውቅ በስልክ ብቻ አላክምዎትም አለች፤ እኔ ብወድቅ እሷ ካለችበት ሆና ልታነሳኝ አትችልም። ለአንድ ሰው ንገሩ፤ ለሁሉም አይደለም፤ ቁልፍ ለሚይዝ አንድ ሰው።

ለወንድሜ ያስተማረችውን ሁላችሁም እወቁት። ሰው ሲጥለው በጎኑ ማስተኛት፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት። ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይረዳም፤ ጊዜ ይበላል። መንፈራገጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ከተደጋገመ፣ ወይም ሰውየው ትንፋሹ ደክሞ አልነቃ ካለ ስልክ ላይ ያለች ሐኪም አትበቃም። ወደ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ወይም በ907 የቀይ መስቀልን አምቡላንስ መጥራት ነው።

የመቀነሱ ሥራ ራሱ ትዕግሥት የሚፈትን ነው። ሐኪሟ ከምወስደው አንድ አሥረኛ ያህል እየቀነሰች፣ ሰውነቴ እስኪለምድ እየጠበቀች ሄደች። በመሥሪያ ቤት የዓመት ሒሳብ ሲዘጋና እናቴ በታመመች ጊዜ ባለንበት ቆየን። መቆም ተፈቅዷል፤ ወደ ኋላ መመለስ ግን የለም። የቀስ በቀስ ዓይነቱን፣ ማለትም ቀኑን ሙሉ እየተለቀቀ የሚሠራውን ክኒን ሰብራችሁ ወይም አድቅቃችሁ አትውሰዱ፤ የቀኑን መጠን በአንዴ ይለቀዋል። ለተቅማጡና ለቁርጠቱ ለብቻ መድኃኒት ሰጠችኝ። ከሁሉ የከበዱኝ የመጨረሻዎቹ ካፕሱሎች ናቸው። ከብዙ ላይ ጥቂት መቀነስ ቀላል ነው፤ ከጥቂት ወደ ባዶ መውረድ ግን እንቅልፍ ይነሳል፣ ያለምክንያት ያስለቅሳል። ልትጨርሱ ስትቃረቡ ቀጠሮዎቹን አብዙ እንጂ አትቀንሱ።

በመካከሉ ዓቢይ ጾም ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምኩ የመድኃኒቱን ሰዓት ማዛባት ፈለግሁ፤ ሐኪሟ ክፍተቱ ከረዘመ ሐራራው እንደሚመለስ ነገረችኝ። የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ። «ልጄ፣ ሕመምተኛ ነሽ፤ ሐኪምሽ ባለችሽ ሰዓት ውሰጂ፤ ጸሎትሽን አታቋርጪ» አሉኝ። ጸበልም ሄጃለሁ፤ መድኃኒቴን ይዤ ነው የሄድኩት። በእምነት የምትበረቱ ወገኖቼ፣ ጸበሉን ከሕክምናው ጋር አታጣሉት፤ በተለይ መድኃኒቱን በአንድ ቀን ጥላችሁ አትሂዱ።

አንድ ሌላ ነገር በብርቱ እለምናችኋለሁ። መጠኑን ከቀነሳችሁ ወይም ካቆማችሁ በኋላ ቀድሞ ትወስዱት የነበረውን ያህል በአንድ ክፉ ቀን ብትውጡ ሰውነታችሁ አይችለውም። የለመደው ቀርቷል፤ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ከወደቃችሁ ለሐኪማችሁ በዚያው ቀን ደውሉ፤ እንደገና ከየት እንደሚጀመር የምትወስነው እሷ ናት።

የእኔ መንገድ መቀነስ ስለነበረ ሁሉም ሰው እንዲህ ያድርግ አልልም። ሐኪሜ ደጋግማ እንደነገረችኝ ለአንዳንዱ ሰው ለዓመታት በመድኃኒት መቆየት የተሻለ ሕክምና ነው፤ ቡፕረኖርፊንና እንደ እሱ ሱስን ለማከም የሚሰጠው ሜታዶን በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የገቡት ሰው ስለሚያድኑ ነው። በአሜሪካ ያለ ዘመዳችሁ በዚያ መድኃኒት ላይ ከሆነ «አንዱን ሱስ በሌላ ለወጠ» አትበሉት። ሐኪሙ የሚያውቀውን ሥራ ይሥራ።

አሁን በወር አንድ ጊዜ በቪዲዮ እንገናኛለን። ቁርጭምጭሚቴ በብርድ ቀን ይቀሰቅሰኛል፤ ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳየኝን እንቅስቃሴ ጠዋትና ማታ እሠራለሁ፣ ሲብስ ፓራሲታሞል እወስዳለሁ። ባለፈው ፒያሳ አካባቢ ጥርሴን ልነቀል ሄጄ ወንበሩ ላይ ከመቀመጤ በፊት ለጥርስ ሐኪሙ በትራማዶል ሱስ ታክሜ እንደነበር ነገርኩት። ድምፄ ተንቀጥቅጧል። እሱ ግን ካርዴ ላይ ጻፈው፣ ለሐኪሜ ደወለላት፣ ተመካክረው ኢቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል አዘዙልኝ፤ ለሁለቱ ቀን ሕመም በቃኝ። እናንተም ለጥርስ፣ ለወሊድ፣ ለማንኛውም ቀዶ ሕክምና ስትሄዱ መርፌው ከመወጋቱ በፊት ተናገሩ፤ ኮዴይን የሚባለው ማስታገሻም ያው ዘር ስለሆነ እሱንም ጨምራችሁ።